ቃል መሸምደድ ብቻ ይበቃልን?

ባለፈው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ አንድ ወዳጄ ከገበያ ሲመለስ ወደ ቤቴ ጎራ አለ። የምኖርባት አዲስ ቅዳም በእንጅባራና በዳንግላ መካከል፥ በአስፋልቱ መንገድ ላይ የተቀመጠች የፋግታ ለኮማ ወረዳ ከተማ ናት፤ ስሟ ራሱ እንደሚናገረው ቅዳሜ የገበያ ቀኗ ስለ ሆነ፥ በዚያን ቀን ወዳጅ ከወዳጁ ሳይገናኝ አይውልም። ወዳጄ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነው። በአንድ እጁ የሽንኵርት ዘንቢል አንጠልጥሏል፤ በብብቱ ደግሞ ጠርዙ የተላላጠ ወፍራም ደብተር ይዟል። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ደብተሩን ገልጦ ዘረጋልኝ። በግራ በኩል የእንግሊዝኛ ቃል፥ በቀኝ በኩል የአማርኛ ትርጉም፥ ከዳር እስከ ዳር ተሰድሮበታል።

«መምህር፥ 1,200 ቃል ይዣለሁ፤ እስኪ ከፈለግኸው ገጽ ጠይቀኝ» አለኝ።

ጠየቅሁት። ከ20 ቃላት የ18ቱን ትርጉም ሳያወላውል መለሰ። ቀጥዬ ከእነዚያው ከሚያውቃቸው ቃላት አራቱን የያዘ አንድ የሁለት መስመር ዐረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ጻፍሁና፥ «ጸሐፊው ሰውዬውን አመሰገነው ወይስ ነቀፈው?» አልሁት። ወዳጄ ብዙ አሰበ፤ ግንባሩን ጠረገ፤ በመጨረሻም «አመሰገነው» አለ። ዐረፍተ ነገሩ ግን ነቀፋ ነበር።

«ቃሎቹን ሁሉ ዐውቃቸዋለሁ፤ የሚሉትን ግን አልሰማሁም» ብሎ ደብተሩን ዘጋው።

አንባቢዎቼ ሆይ፥ ይህ ነገር የወዳጄ ብቻ አይደለም። እኔም ከኮሌጅ እንደ ወጣሁ በዚሁ መንገድ ሄጄ ባዶ እጄን ስለ ተመለስሁ፥ በሰው ለመሳቅ መብት የለኝም። ስለዚህ በዛሬው ዓምድ በየቢሮውና በየትምህርት ቤቱ ብዙ ወጣቶችን እንቅልፍ ስለ ነሣው ስለ ድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና፥ በተለይም ስለ ቃላትና ስለ ንባብ ክፍሉ ጥቂት ልንነጋገር ነው።

ቀድሞ በአገራችን ሁለተኛ ዲግሪ የሚመኝ ሰው በአብዛኛው ባሕር ማዶ መሻገር ነበረበት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ወደየደጃችን መጥቷል፤ ለእኛ እንኳ እንጅባራ ቅርባችን ነው። ነገር ግን በሩ ቢቀርብም መክፈቻው ከባድ ሆነ። ከ2016 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ ከመጀመሪያ ዲግሪ በላይ ለመማር የሚፈልግ ሁሉ የትምህርት ሚኒስቴር ያወጣውን አገር አቀፍ የመግቢያ ፈተና ማለፍ አለበት። ፈተናው በኮምፒዩተር ይሰጣል፤ ጥያቄው በእንግሊዝኛ ነው። ከቍጥር ማመዛዘኑ ጎን የቃልና የንባብ ማመዛዘን አለበት። ሒሳቡን አጥንቶ በቃሉ ክፍል የወደቀ ሰው የሚቀጥለውን ፈተና ይጠብቃል፤ የደረጃ ዕድገቱና ያሰበው የትምህርት ዕድልም አብሮት ይጠብቃል። ከሁሉ የሚከፋው ግን «እንግሊዝኛ ለከተማ ልጅ የተሰጠ ነው» ብሎ ተስፋ መቍረጡ ነው።

ወደ አሜሪካ ማመልከት የሚያስቡት ደግሞ ጂ.አር.ኢ. የሚባለውን ፈተና ያገኛሉ። ይህ ፈተና እ.ኤ.አ. በ1936 በካርኔጊ ድርጅትና በአራት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሙከራ የተጀመረ ነው፤ ዛሬ የሚያዘጋጀው እ.ኤ.አ. በ1947 የተቋቋመው ኢ.ቲ.ኤስ. የተባለው ድርጅት ነው። ከመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ፈተናው አጥሮ የቃሉ ክፍል 27 ጥያቄ በ41 ደቂቃ ሆኗል። ውጤቱ ከ130 እስከ 170 ይቈጠራል። ጥያቄዎቹም ሦስት ዓይነት ናቸው፤ አንደኛው ምንባብ አንብቦ መመለስ፥ ሁለተኛው በዐረፍተ ነገር ውስጥ የተተወውን ባዶ ቦታ መሙላት፥ ሦስተኛው ከስድስት ቃላት መካከል ለአንድ ዐረፍተ ነገር ተመሳሳይ ሐሳብ የሚሰጡትን ሁለቱን መምረጥ ነው።

ይህን ሁሉ ያነሣሁበት ምክንያት አለኝ። እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ድረስ ይኸው ፈተና ያለ ምንም ዐረፍተ ነገር አንድ ቃል ብቻውን አቁሞ «ተቃራኒው የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ለዚያ ፈተና ቃል መሸምደድ በእርግጥ ይረዳ ነበር። በነሐሴ 2011 እ.ኤ.አ. ግን ያ ዓይነት ጥያቄ ቀረ። ፈተናው ሲለወጥ አሮጌዎቹ መጻሕፍት አልተለወጡም፤ ዛሬም ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወራሉ፤ ፎቶ ኮፒያቸውም ይሸጣል፤ ወዳጄም 1,200 ቃሉን የገለበጠው ከእንደዚህ ያለው መጽሐፍ ነው። እንግዲህ ለቀረ ጥያቄ ስንዘጋጅ የመጣውን ጥያቄ ሳናየው እንቀራለን ማለት ነው። ለአገራችንም ፈተና ቢሆን ከሁሉ አስቀድሞ የዓመቱን መመሪያ ፈልጎ ማንበብ ብልኅነት ነው።

ለመሆኑ ቃል የሚታወቀው እንዴት ነው? በአዊ ዞን የተወለደ አንባቢዬ ይህን ከማንም ይልቅ ያውቃል። ብዙው ልጅ አፉን የሚፈታው በአውንጊ ነው፤ የመጀመሪያውንም ትምህርት የሚማረው በዚሁ ቋንቋ ነው። አማርኛን ግን ማን አስተማረው? በቅዳሜ ገበያ ከእናቱ ጋር ቆሞ፥ ሻጭ ሲያጋንን ገዢ ሲያጣጥል፥ አንዱ ሲቈጣ ሌላው ሲያባብል እየሰማ ነው የለመደው። «ርካሽ» የሚለውን ቃል በዝርዝር አልጻፈውም፤ በሰዎቹ ፊትና በነገሩ መጨረሻ ዐወቀው። እንግሊዝኛ ለዚህ ሰው ሦስተኛ ቋንቋው ነው። ሁለተኛውን የያዘበትን ጥበብ ለሦስተኛው ቢያውለው ከማን ያንሳል? ለእንግሊዝኛ ግን ገበያው የተጻፈ ገጽ ነው። ቃሉ ከጎረቤቶቹ ቃላት ጋር ሲከራከር የሚሰማው እዚያ ነው።

እንግዲህ ገጹን ስናነብ ምን እንፈልግ? ከሁሉ በፊት የዐረፍተ ነገሩን ማጠፊያ እንፈልግ። ለምሳሌ ይህን ተመልከቱ፦ «መምህሩ ምንም እንኳ በተማሪዎቹ ፊት ቍጡ ቢመስል፥ በቤቱ ግን እጅግ ——— ሰው ነበር።» ሦስት ምርጫ ተሰጠን እንበል፤ ባለጠጋ፥ ገር፥ ዐዋቂ። መምህሩ ባለጠጋም ዐዋቂም ሊሆን ይችላል። ዳሩ ግን «ምንም እንኳ» እና «ግን» የሚሉት ቃላት ከቍጣ ተቃራኒ የሆነ ነገር እንደሚመጣ አስቀድመው ነግረውናል፤ ስለዚህ መልሱ «ገር» ነው። በእንግሊዝኛ ይህን ሥራ የሚሠሩት ኦልዞው፥ ዲስፓይት፥ ሃውኤቨር፥ ኔቨርዘለስ የሚባሉት ናቸው። ሐሳቡ ሳይታጠፍ መቀጠሉን የሚነግሩት ደግሞ ዜርፎር፥ ሞርኦቨርና የመሳሰሉት ናቸው። እነዚህ ተራ ቃላት በመሆናቸው በሽምደዳ ደብተር ውስጥ አይገቡም፤ ነገር ግን ወዳጄን የጣለው ከእነርሱ አንዱ ነው።

ምርጫዎቹንም ቶሎ አትመልከቱ። በወረቀት ወይም በእጃችሁ ከልላችሁ፥ ባዶውን ቦታ በራሳችሁ ቃል፥ በአማርኛም ቢሆን ሙሉት። ከዚያ በኋላ ለቃላችሁ የሚቀርበውን ፈልጉ። አስቀድሞ ሐሳቡን ሳይወስን ምርጫ የሚያነብ ሰው፥ የሚገዛውን ሳያውቅ ገበያ እንደ ወጣ ነው፤ የጮኸለትን ሁሉ ሸምቶ ይመለሳል። ሁለት ተመሳሳይ ቃል ምረጡ በሚለው ጥያቄ ላይ ደግሞ ሁለት ወጥመድ አለ። አንዱ፥ እርስ በርሳቸው ተመሳሳይ ሆነው ከዐረፍተ ነገሩ ጋር የማይስማሙ ጥንዶች መኖራቸው ነው፤ ሌላው፥ ዐረፍተ ነገሩን አሳምሮ የሚሞላ፥ ነገር ግን ጓደኛ የሌለው ብቸኛ ቃል መኖሩ ነው።

ሁለተኛው ምክሬ ስለ ዐረፍተ ነገሩ አሠራር ነው። አማርኛም አውንጊም ግሣቸውን የሚያስቀምጡት በመጨረሻ ነው፤ ስለዚህ እኛ ነገሩ እስኪያልቅ መጠበቅ የለመድን ሰዎች ነን። እንግሊዝኛ ግን ማን ምን እንዳደረገ ብዙውን ጊዜ ቀደም አድርጎ ይነግርና፥ ገደቡንና ማብራሪያውን ከኋላ ያስከትላል። ረዥም ዐረፍተ ነገር ሲገጥማችሁ መጀመሪያ ባለቤቱንና ግሡን ለዩ፤ በሁለት ነጠላ ሰረዝ መካከል የተሸጎጠውን ለጊዜው እለፉት። አጥንቱ ከታየ በኋላ ሥጋው አያስቸግርም።

ሦስተኛው ምክር በተለይ ለቢሮ ሠራተኛ አንባቢዎቼ ነው። የማታውቁትን ቃል ብቻ አትፍሩ፤ የምታውቁትን ቃል የበለጠ ፍሩት። አማርኛችንን እንይ፤ «ፈታ» የሚል ቃል አለን። ገበሬው በሬውን ፈታ፥ ልጁ እንቆቅልሹን ፈታ፥ ሰውዬው ሚስቱን ፈታ እንላለን። የመጀመሪያውን ብቻ የሚያውቅ የውጭ አገር ሰው ሦስተኛውን ቢሰማ ሴትዮዋ ታስራ ነበር ሊል ነው። እኛም በእንግሊዝኛ እንደዚሁ እንሆናለን። ሳንክሽን ሲባል ማዕቀብ መሆኑን ከዜና የማያውቅ የለም፤ ይኸው ቃል በሌላ ቦታ ተቃራኒውን፥ ማለት ፈቃድንና ማጽደቅን ያመለክታል። ቼክ በባንክ የምናውቀው ወረቀት ነው፤ ግሥ ሲሆን መግታት ማለትም ነው። ታክስ ግብር ነው፤ የሰውን ትዕግሥት ታክስ አደረገ ከተባለ ግን ትዕግሥቱን አስጨረሰው ለማለት ነው። ኳሊፋይ ማለት ብቁ መሆን ብቻ አይደለም፤ የተናገሩትን ቃል በገደብ ማለዘብም ነው። ፈታኞች እንዲህ ያሉትን ቃላት ይወዷቸዋል፤ ቸኵሎ የሚያነበውን ሰው ከአስተዋዩ የሚለዩት በእነርሱ ነውና።

አራተኛ፥ ስለ ሥርወ ቃል። ከ«ጸሐፈ» ጸሐፊ፥ ጽሕፈት፥ ጽሑፍ፥ መጽሐፍ እንደሚወጡ እናውቃለን። እንግሊዝኛም ከላቲን በወረሰው ሥር ይህንኑ ያደርጋል፤ ማኑስክሪፕት የእጅ ጽሑፍ፥ ኢንስክሪፕሽን በድንጋይ የተቀረጸ ጽሑፍ፥ ፕሪስክሪፕሽን ሐኪም የሚጽፈው የመድኃኒት ማዘዣ ነው፤ ሁሉም ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። ይህን ማወቅ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ሥር ተይዞ በጭፍን አይኬድም። ፕሪስክራይብ ማዘዝ ነው፤ ፕሮስክራይብ ደግሞ መከልከል ነው። ሥራቸው አንድ፥ ልዩነታቸው የአንድ ፊደል ድምፅ፥ ትርጉማቸው ግን ፊትና ኋላ!

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል፥ ወደ ምንባቡ እንምጣ። ከዚሁ ከወረዳችን ጕዳይ አንድ አጭር ምንባብ ላዘጋጅላችሁ፦

«የፋግታ ለኮማ ገበሬ ዲከረንስ በብዛት በመትከሉ የወረዳው የዛፍ ሽፋን ጨመረ። ብዙዎች ይህን ሲያዩ ገበሬው ለደን ያለው ፍቅር የበረታ መሰላቸው። ይሁን እንጂ የተተከለው ዛፍ ለከሰል ሲደርስ የሚቈረጥ ነበር። ስለዚህ ያን ሁሉ ዛፍ ያስተከለው ገበያ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።»

ጥያቄ፦ ጸሐፊው ከሚከተሉት በየትኛው ይስማማል? (ሀ) ከሰል ማክሰል አካባቢን ይጎዳል። (ለ) የዛፍ መብዛት ብቻውን የተካዩን ሐሳብ አያሳይም። (ሐ) የፋግታ ለኮማ ገበሬ ደን አይወድም።

ይህን ጥያቄ ለ12 ተማሪዎቼ አቅርቤው ነበር። አብዛኞቹ (ሀ)ን መረጡ። ለምን ብላቸው፥ «እውነት ነዋ! ጢሱን እናየው የለም እንዴ!» አሉኝ። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ጸሐፊው ስለ ጢስ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ፈታኙ የጠየቀው በዓለም ላይ እውነት የሆነውን ሳይሆን በምንባቡ ውስጥ የተባለውን ነው። (ሐ) ደግሞ ከልኩ አለፈ፤ ገበሬው ለገበያ ተከለ ማለት ደን ይጠላል ማለት አይደለም። መልሱ (ለ) ነው። እርሱ ለስለስ ያለ፥ ምንባቡ የሚሸከመውን ያህል ብቻ የተናገረ ነው። ከዚህ አንድ ደንብ ውሰዱ፦ «ሁልጊዜ»፥ «ፈጽሞ»፥ «ብቻ» የሚል ምርጫ ሲመጣ ሁለት ጊዜ መርምሩት፤ መልስ ከመምረጣችሁም በፊት ጣታችሁን በምንባቡ መስመር ላይ አሳርፋችሁ «ይህን ያለው እዚህ ነው» ማለት ቻሉ። ይህ ደንብ ከፈተና አዳራሽ ውጭም ይሠራል። ደብዳቤ የሚመረምር የቢሮ ሠራተኛ ያልተጻፈውን አንብቦ ባለጕዳይ ቢያጕላላ፥ ጥፋቱ ከዚሁ ስሕተት የመጣ ነው።

ይህ ሁሉ በቀን ስንት ሰዓት ይጠይቃል? ሥራ ላላችሁ ሰዎች አንድ ሰዓት ይበቃል፤ ግን በየቀኑ ይሁን። ግማሹን ሰዓት አንድ ጽሑፍ አንብቡበት። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ1943 ጀምሮ የሚታተመው ኢትዮጵያን ሄራልድ ርእሰ አንቀጽ አለው፤ ጕዳዩን ከአገራችን ኑሮ ስለምታውቁት ቋንቋው ላይ ማተኰር ትችላላችሁ። ሲለመድ ወደማታውቁት ጕዳይ፥ ወደ ሥነ ፍጥረትና ወደ ታሪክ ተሻገሩ። አንብባችሁ ስትጨርሱ ጋዜጣውን አጥፉና «ጸሐፊው የሚለው ይህን ነው» ብላችሁ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ። መጻፍ ካቃታችሁ አላነበባችሁም፤ ዐይናችሁ ብቻ ነው ያለፈበት። ከቀረው ግማሽ ሰዓት በሩብ ሰዓቱ አምስት አዲስ ቃላት ከነሙሉ ዐረፍተ ነገራቸው ገልብጡ፤ በቀረው ሩብ ሰዓት የፈተና ጥያቄ ሥሩ።

ደግሞ አንድ የስሕተት መዝገብ ክፈቱ። የመሥሪያ ቤት ሰው መዝገብ መያዝ አይቸግረውም። ቀኑን፥ የመረጣችሁትን፥ ትክክለኛውን መልስና የተሳሳታችሁበትን ምክንያት በየዓምዱ አስገቡ። ምክንያቱ ከአራት አያልፍም፤ ወይ ቃሉን አላወቃችሁም፥ ወይ ማጠፊያው አመለጣችሁ፥ ወይ ከምንባቡ ውጭ ሐሳብ አመጣችሁ፥ ወይ ቸኰላችሁ። በወሩ መጨረሻ ሒሳቡን ዝጉና የትኛው ዓምድ እንደ ከበደ እዩ። ብዙ ሰው ቃል አጣሁ እያለ ያለቅሳል፤ መዝገቡ ሲደመር ግን ዕዳው ያለው በችኰላ ዓምድ ይሆናል።

ፈተናው ሲቃረብ በሰዓት መለማመድ ያስፈልጋል። በጂ.አር.ኢ. ለአንድ ጥያቄ የሚደርሰው አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ነው፤ ለተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማይቀነስ ባዶ መተው ሞኝነት ነው። አዘጋጁ ድርጅት በኢንተርኔት በነጻ የሚሰጣቸው ሁለት የልምምድ ፈተናዎች ስላሉ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት እነርሱን ሥሩ። በቅርብ ዓመታት ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ፈተና ግዴታ ማድረጋቸውን ትተዋልና፥ ሳትጠይቁ አትመዝገቡ።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። ፈተና በደረሰ ቍጥር «ጥያቄው ወጥቷል፤ ይህን ያህል ብር ላኩ» የሚል መልእክት በስልክ ይዞራል። ይህን የሚገዛ ሰው ቢታለል ብሩ ይጠፋል፤ ባይታለል ደግሞ የሌላውን ወንበር ሰርቆ ይቀመጣል። የተሰረቀ ወንበር ላይ የተቀመጠም ሰው ነገ የመመረቂያ ጽሑፉን ሲጽፍ ማንበብ አለመቻሉ ይገለጥበታል። መግቢያ ፈተናውን ማለፍ ወደ በሩ ማድረስ ብቻ ነው፤ ከበሩ ወዲያ ያለው ሥራ ሁሉ ያው ማንበብ ነው።

«ታዲያ ይህ ሁሉ ስንት ጊዜ ይፈጃል?» ትሉኝ ይሆናል። ዲከረንስ እንኳ ለከሰል የሚደርሰው በአራትና በአምስት ዓመቱ ነው፤ የእናንተ ግን ያን ያህል አይርቅም። በሦስት ወር ውስጥ ዐይናችሁ ማጠፊያውን መፈለግ ይለምዳል፤ በዓመት ውስጥ ገጹ አያስፈራችሁም።

ወዳጄ 1,200 ቃሉን አልጣለም፤ እኔም ጣል አላልሁትም፤ የደከመበት ነገር ነውና። ነገር ግን ቡናውን ጠጥተን ስንለያይ በየቃሉ አጠገብ ባዶ መስመር እንዲተው ተስማማን። በዚያ መስመር ላይ ቃሉን በንባብ ባገኘው ጊዜ የተገኘበትን ዐረፍተ ነገር ይጽፍበታል። በሳምንቱ ቅዳሜ ሲመጣ 11 መስመር ሞልቶ አመጣ። ከ1,200 ውስጥ 11 ጥቂት ነው። ዳሩ ግን በ11ዱም ጠየቅሁት፤ ማን እንደ ተመሰገነ ማን እንደ ተነቀፈ አንድም አልሳተም።

እናንተም ዛሬ ማታ አንዱን መስመር ጀምሩ።